ሳትለኩ መሪ አትያዙ፦ ስለ ስኳር ሕመምና ስለ አማተር የመኪና ውድድር ጥያቄና መልስ

በቨርጂኒያ የምኖር መካኒክ ነኝ። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ከያዘኝ 16 ዓመት ሆነኝ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር «24 አወርስ ኦፍ ሌሞንስ» በሚባለው የአሮጌ መኪኖች ውድድር እነዳለሁ። ኮሮላችን ላይ የስኳር ሕመም ዓለም አቀፍ ምልክት የሆነውን ሰማያዊ ክብ ቀብተን፣ በሩ ላይ በትልቁ «ለካህ?» ብለን ጽፈናል። ጠይቁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስንት ዩኒት ልውጋ ለሚለኝ ሰው መልስ የለኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይህ ሌሞንስ የሚባለው እውነተኛ ውድድር ነው ወይስ ቀልድ?

ሁለቱም ነው። አሜሪካኖች ገዝተው የተቆጩበትን መኪና «ሎሚ» (ሌመን) ይሉታል፤ ስሙ ከዚያና በፈረንሳይ ከሚደረገው «ለ ማን» ከሚባለው የ24 ሰዓት ውድድር ተዳቅሎ የወጣ ነው። በ2006 ተጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መኪናው ከ500 ዶላር በላይ ማውጣት የለበትም፤ መኪናው ቢገለበጥ ሾፌሩን የሚጠብቀው የብረት ቀፎ፣ መቀመጫው፣ ቀበቶውና ሌላው የደኅንነት ዕቃ ግን በሒሳቡ አይገባም። እንግዲህ ቀልዱ እዚያ ላይ ያበቃል፤ የእኛ ቀፎና መቀመጫ ከመኪናው ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስሙ 24 ሰዓት ይበል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀን ተከፋፍሎ ነው የሚነዳው።

ከአትላንታ፦ ስኳር የያዘህ ጣፋጭ ስለምታበዛ ነው?

አይደለም። በዓይነት 1 የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆሽት ያጠቃል፤ ኢንሱሊን የሚሠሩት ሕዋሳት ይጠፋሉ። ከረሜላ የለበትም።

ከአሌክሳንድሪያ፣ የታክሲ ሾፌር፦ መኪና ውስጥ ሆነህ ስኳርህ ቢወርድ ምን ታደርጋለህ?

ይህ ነው ጥያቄ! ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ክንዴ ላይ ስኳር የሚለካ ሴንሰር አለ፤ ቁጥሩን ከመሪው አጠገብ ባሰርኩት ስክሪን አያለሁ። ይህን ያስተማረን በአሜሪካው የኢንዲካር ውድድር ይነዳ የነበረው ቻርሊ ኪምቦል ነው። በ2007 ስኳር እንዳለበት ተነገረው፤ በ2011 በኢንዲያናፖሊስ 500 ተወዳደረ፤ በ2013 በሚድ ኦሃዮ የኢንዲካር ውድድር አሸነፈ። ሄልሜቱ ውስጥ የሚገባ የመጠጥ ቱቦ ነበረው፤ አንዱ ዕቃ ውሃ፣ ሌላው ስኳር ያለው መጠጥ። እኛም በርካሹ ያንኑ ሠራን።

ሴንሰሩ ግን የሚለካው ደም አይደለም፤ በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ከደሙ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። 92 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) አያችሁና ከቁጥሩ ጎን ያለው ቀስት ወደ ታች ከሆነ፣ ደማችሁ ምናልባት 75 ገብቷል። ቁጥሩን ሳይሆን ቀስቱን እመኑ።

ሁለተኛው ወጥመድ ደግሞ አድሬናሊን ነው። ውድድሩ ሲጀመር ልብ ይመታል፣ ስኳር ይወጣል። ጀማሪ ደንግጦ ኢንሱሊን ይወጋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ድንጋጤው ይበርዳል፤ መኪናው ውስጥ ያለው ሙቀት ኢንሱሊኑን ቶሎ ወደ ደም ያስገባዋል፤ ስኳሩ ይዘቅጣል። በመጀመሪያ ዓመቴ የሆንኩት ይህንኑ ነው። «ሁለት ዙር ብቻ ልጨምር» አልኩና «አደጋ አለ፣ ቀንሱ» የሚለው ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ አላየሁም። አላየሁም ስል ዓይኔ አይቶታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ጠፋኝ። ማንንም አልገጨሁም። ጓደኞቼ ጎትተው ሲያወጡኝ 51 ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ከ140 በታች ሆኜ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም። የኔ ቁጥር ነው፤ የናንተን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ። ለታክሲም ያው ነው፦ ሳትለኩ መሪ አትያዙ። ከ70 በታች ከሆናችሁ ዳር ያዙ፣ 15 ግራም ስኳር ውሰዱ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ለኩ። ተሳፋሪው ይቆጣ።

ከዳላስ፣ አንዲት እኅት፦ «ለካህ?» ብቻ? ሴቶች ስኳር አይዛቸውም?

ከሲያትል፦ «ለክተዋል?» ቢባል ለሁሉም ይሆን ነበር፤ አክብሮትም አለው።

ከዳላስ፦ መኪና ላይ አክብሮት ምን ያደርጋል!

ፎቶውን ያያችሁት በአንድ ጎን ነው። በሌላው በር ላይ «ለካሽ?» ይላል። ወደ ጉዳዩ እንመለስ።

ከዴንቨር፦ ስለ ስኳር በሽታ በአጠቃላይ ብታብራራልን።

በአጠቃላይ አላብራራም። የተለየ ነገር ጠይቁ።

ከአዲስ አበባ፦ አትቀየሙኝ። እዚህ ኢንሱሊን ለመግዛት የሚቸገር ወላጅ አለ። ጎማ ከምታቃጥሉ ገንዘቡን ብትልኩ አይሻልም?

ከሲያትል፦ የራሱ ገንዘብ ነው፤ ሌላው ለሠርግ ሲያወጣ ማን ጠየቀው?

ከአዲስ አበባ፦ ለሠርግ የሚያወጣው «ግንዛቤ ለማስጨበጥ» አይልም።

ከላስ ቬጋስ፦ በነገራችን ላይ በኮሮላ መወዳደር ስሕተት ነው። ሆንዳ ሲቪክ መታጠፊያ ላይ ይበልጠዋል።

ከሲያትል፦ ሲቪክ ሞተሩ እስኪፈላ ድረስ!

ሆንዳና ቶዮታውን ሌላ ቦታ ጨርሱት። የአዲስ አበባው ወንድሜ ትክክል ብለሃል። ውድድር ገንዘብ ይበላል እንጂ አያመጣም። በስፖንሰር የሰበሰብነው ጎማና ነዳጅ እንኳ አይሸፍንም፤ «በጎ አድራጎት ነው» ብዬ ከማንም ሳንቲም ጠይቄ አላውቅም። መኪናው የሚያመጣው ወሬ ነው። ነዳጅ ማደያ ስንቆም ያገሬ ሰው «ለካህ?» የሚለውን አንብቦ ይስቃል፣ ይጠጋል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም አለብኝ፤ ቤት ግን አያውቁም» ይላል። ስንቱ እንዲህ ብሎኛል መሰላችሁ! የኢንሱሊን መርዳት ሌላ ሥራ ነው፤ እሱን ከኪሴ አደርጋለሁ፣ መኪና ላይ አልጽፈውም።

ከሚኒያፖሊስ፦ ባለቤቴ ከባድ መኪና ይነዳል። ኢንሱሊን ጀምሯል፤ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብሎ ደብቋል። መርፌውን የሚወጋው ተደብቆ ነው። ምን ልበለው?

እኅቴ፣ ሕጉ ተቀይሯል በይው። ድሮ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በክፍለ ግዛቶች መካከል መንዳት አይችልም ነበር። ከኖቬምበር 19 ቀን 2018 ጀምሮ ግን ይችላል። የሚከታተለው ሐኪም የግምገማ ቅጽ ይሞላለታል፤ ባለቤትሽ ቢያንስ የ3 ወር የስኳር ልኬት ከመሣሪያው ላይ ያሳያል፤ ሐኪሙ ከፈረመ በ45 ቀን ውስጥ ወደ ተመዘገበው የሾፌሮች ጤና መርማሪ ይሄዳል። በየዓመቱ ይታደሳል። ራሱን ስቶ ከወደቀ ወይም የሌላ ሰው እርዳታ እስኪሻ ከወረደበት፣ ሐኪሙ እስኪያጣራ መንዳት ያቆማል። ዓይኑንም ያስመርምር፤ የከፋ የሬቲና ጉዳት ፈቃዱን ያሳጣል። የሚደብቅ ሰው መለኪያውን ካቢኑ ውስጥ አያወጣም፤ የምፈራለት ይህንን ነው። መጀመሪያ ለክቶ፣ ወረቀቱንም ጨርሶ ይንዳ።

ከሂዩስተን፦ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ይበቃል?

አይበቃም። የመኪና ውድድር ሄልሜት እሳት መቋቋሙና ብረት ላይ ደጋግሞ ሲመታ መቻሉ ይፈተናል። የሞተር ሳይክሉ ለዚያ አልተሠራም። ሄልሜቱ ላይ ስኳር እንዳለባችሁም ጻፉ። ስኳሩ የወረደበት ሰው ከግጭት በኋላ የሰከረ ወይም ጭንቅላቱ የተመታ ይመስላል፤ ባለሙያዎቹ መለካት እንዳይረሱ።

ከቶሮንቶ፦ ስንት ኪሎ ሜትር በሰዓት ትነዳለህ?

ከኋላዬ ያለው ሰው እስኪሰለቸው።

ከፊላደልፊያ፦ ስኳር የያዘህ ምን በልተህ ነው?

ከላይ አንብቡ! ከላይ!

ከስፕሪንግፊልድ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ከታወቀበት ሦስት ወር ሆነው። ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ገብቶ ነው የሚወጋው። መኪናውን ማየት ይፈልጋል። ነውር ካልሆነ ብዬ ነው።

ምን ነውር አለው፣ እትዬ። ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡ ክፍት ነው፤ አድራሻውን ለብቻ እጽፍልዎታለሁ። ሽፍን ጫማ ያድርግ፤ መሬቱ ላይ የብረት ፍንጣሪ አለ። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ቀበቶውን እናስርለታለን። እኔ የምሳ ኢንሱሊኔን የምወጋው መካኒኮቹ ፊት ቆሜ ነው፤ ከፈለገ አብረን እንበላለን። ጭማቂ ይዘው አይልፉ፤ እኛ ጋ በካርቶን ነው ያለው።