ሳይለሰን እዩት፦ ስለ ቤት ግንባታና ስለ ሙያው ጥያቄና መልስ

ስለ ቤት ግንባታና ስለ ሙያው ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ብዙ ደረሰኝ። ለማታውቁኝ፣ 24 ዓመት ሳይት ላይ ያሳለፍኩ መሐንዲስ ነኝ። አብዛኛውን አዲስ አበባ፣ ጥቂቱን ሐዋሳ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ቤታችን ካለቀ 8 ወሩ ነው። ግድግዳው በየቦታው ተሰነጣጥቋል። ሠሪው «የልስን ነው፣ አያሳስብም» ይለናል። እንመነው?

መልስ፦ ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነና ፀጉር የሚያህል ከሆነ እውነቱን ነው። ልስኑ ውሃ ሳይጠጣ ፀሐይ አድርቆታል፣ ወይም ሲሚንቶ በዝቶበታል። ኮለኑና (የኮንክሪት ምሰሶውና) ብሎኬቱ በሚገናኙበት መስመር ቀጥ ብሎ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ነው። መገናኛው ላይ ከልስኑ በፊት የሽቦ መረብ ቢመታበት አይመጣም ነበር። አሁንም ፍቆ፣ መረብ መትቶ እንደገና መለሰን ይቻላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ሰያፉ ነው። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ የሚወርድ፣ ወይም የብሎኬቱን መገጣጠሚያ እንደ ደረጃ እየተከተለ የሚሄድ። እሱ ብዙ ጊዜ ከመሠረት ነው የሚመጣው። ስንጥቁ ያለቀበት ቦታ ላይ በእርሳስ ጫሩና ቀኑን ጻፉ። መሐሉ ላይ ትንሽ ጂፕሰም ለጥፉበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። ያኔ ቀለም ቀቢ ሳይሆን መሐንዲስ አስመጡ።

ጥያቄ፦ ሲኤምሲ አካባቢ ጂ+1 ልጀምር ነው። አፈሩ ጥቁር ነው። ጎረቤቶቼ «ትንሽ ጠለቅ አድርገህ ቆፍር» አሉኝ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤትህን በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። መጀመሪያ አፈሩን አስመርምር። ከቤቱ ጠቅላላ ወጪ አንጻር የምርመራው ዋጋ ትንሽ ነው። ጥቁሩ ወጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል (ውሃ ሲጠጣ በማያብጥ የተመረጠ አፈር) ከተተካ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ገልባጭ መኪና አምጥቶ ደፍቶት የሄደ ሙሌት አይደለም። ሌላው የሚረሳው የጣሪያ ውሃ ነው። ከአሸንዳው የወረደው ውሃ ግድግዳው ሥር ከተኛ የደከምክበት ሁሉ ከንቱ ነው። በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪት አስነጥፍ፣ ውሃውን በቦይ አርቀው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ፎቅ ላይ ያለው ሽንት ቤት ወደ ሳሎኔ ያፈሳል። ሦስት ጊዜ ቧንቧ ሠራተኛ አምጥቼ ሲልኮን ቀብቶ ሄደ። ገንዘቤ አለቀ።

መልስ፦ እማማ፣ አይዞዎት። ሲልኮን ይህን አያቆመውም። ሴራሚክ ራሱ ውሃ አያግድም፣ በመገጣጠሚያው ይሰርጋል። ውሃ የሚያግደው ከሥሩ የሚቀባው ወይም የሚነጠፈው ነገር ነው፤ የእርስዎ ላይ ያ የተዘለለ ይመስለኛል። መጀመሪያ ግን የቧንቧ ይሁን የወለል ይለዩ። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ሄደው ይዩ። ቆጣሪው ከዞረ ቧንቧ ነው። ካልዞረና የሚያፈሰው ሰው ከታጠበ በኋላ ከሆነ ከወለሉ ወይም ከፍሳሽ መስመሩ ነው። ወለሉ ከሆነ ሴራሚኩ መነሳት አለበት። ውሃ ማገጃው ከተሠራ በኋላ የወለሉን ፍሳሽ ይድፈኑና 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሞልተው አንድ ቀን ሙሉ ያቆዩት። ሳሎንዎ ጠብታ ካልታየ ብቻ ሴራሚክ ይለጠፍ። ያ ፈተና ሳይደረግ የመጨረሻ ክፍያ እንዳይሰጡ አደራ።

ጥያቄ፦ ሴራሚኩ ሲኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ችግር ነው?

መልስ፦ ሥሩ ሞርታር አልደረሰውም ማለት ነው። አንድ ሁለት ቦታ ከሆነ ተወው። ክፍሉን ሙሉ ከሆነ ይነሳ።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነው የምኖረው። ደብረ ብርሃን ቤት እያሠራሁ ነው፣ ወንድሜ ይከታተልልኛል። ፎቶ በየሳምንቱ ይልክልኛል። ምን ልይበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ያለቀ ነገር ፎቶ ምንም አይነግርሽም። የሚሸፈነውን ጠይቂ። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ፌሮው ላይ ሜትር ተዘርግቶ ፎቶ ይነሳ፤ በስታፋና በስታፋ (ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን በሚያቅፈው ቀጭን ብረት) መካከል ያለው ርቀት ይታይ። ካዛፎርሙ (ኮንክሪቱን ቅርጽ የሚያስይዘው ሳንቃ) ሲፈታ ኮለኑ ሳይለሰን በአራቱም ጎን ይነሳ። ኮንክሪቱ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ጠጠሩ ወይም ፌሮው ከታየ በቫይብሬተር (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ በሚያጠጋጋው ማሽን) አልተመታም። ያንን ማታ በሲሚንቶ ደፍነው ጠዋት የሚያሳዩ አሉ።

ወንድምሽ መሐንዲስ ካልሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ እሱ ላይ አትጫኚበት። ገንዘብና ዝምድና ሲቀላቀል ብዙ ቤተሰብ ሲለያይ አይቻለሁ። ከሠሪው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ባለሙያ ቅጠሪ። በየደረጃው ይይ፣ ይጻፍ፣ ከዚያ ክፈዪ። ቅድሚያ ክፍያው ከሥራው ርቆ አይሂድ።

ጥያቄ፦ ተቋራጩ «ተረክበሃል፣ ፈርመሃል፣ አበቃ» አለኝ። እውነት አበቃ?

መልስ፦ አላበቃም። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 አንብብ። የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራው በደንብ ስለመሠራቱና ስለ ሕንፃው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። በአፈሩ ጠባይ ምክንያት የመጣ ጉዳት እንኳ ይመለከተዋል። ውሉ ላይ «አንድ ዓመት ብቻ» ብለው ቢጽፉም ጊዜውን ማሳጠር አይችሉም። ስለዚህ ዛሬውኑ በጽሑፍ አሳውቀው፣ ግልባጩን ያዝ፣ ጉዳቱን ቀን ያለው ፎቶ አንሳ፣ ጠበቃ አማክር። በስልክ መጨቃጨቅ አይጠቅምህም።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። ግድግዳ አፍርሼ ሳሎኑን ላሰፋ?

መልስ፦ ኮለንና ቢም (አግዳሚውን የኮንክሪት ተሸካሚ) አትንካ። ክፍልፋይ ብሎኬት ቢሆንም በፈቃድና በባለሙያ ይሁን። ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ወለላቸው አስቀድሞ በተመረተ ቢምና በመሐሉ በሚደረደር ብሎኬት የተሠራ ነው። ለቧንቧ ብለው ያንን ቢም የሚቆርጡ ሰዎች አይቻለሁ። እባክህ አታድርገው፣ ከታች ሰው ይኖራል።

ጥያቄ፦ ለምንድነው ሥራችን እንዲህ የወረደው? ድሮ የተሠሩት ቤቶች ቆመዋል።

መልስ፦ ሠራተኛውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፣ እኔ ግን አልስማማም። ለሳኙ በእጅ ዋጋ ነው የሚሠራው፣ የሚከፈለው በካሬ ነው። ቀስ ብሎ ቱንቢ ጥሎ ቢሠራ ልጆቹ ማታ የሚበሉት ይቀንሳል። ልስኑን ለ7 ቀን ውሃ የሚያጠጣው ማነው? ለዚያ የሚከፍል የለም። ብዙው ሙያውን የተማረው ባሬላ እየተሸከመ፣ አጠገቡ ያለውን እያየ ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ «ውሃ ሲበዛ ሲሚንቶው ይደክማል» ብሎ አልነገረውም። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ አሸዋው ውስጥ ያለውን እርጥበት ጨምሮ፣ 25 ሊትር ውሃ ገደማ ይበቃል። በጎማ እየለቀቀ የሚያቦካ ሰው ግን ሥራው እንዲቀለው ነው እንጂ ክፋት አስቦ አይደለም። አንድ ቀን ሁለት ኪዩብ (የኮንክሪት ጥንካሬ መሞከሪያ ቁራጭ) ሠርቼ፣ አንዱ በልክ አንዱ ውሃ በዝቶበት፣ በ28ኛው ቀን ሠራተኞቹ ፊት አስጨመቅኳቸው። ውሃ የበዛበት ቀድሞ ሲፈርስ ሲያዩ፣ ሳልናገር ጎማውን ራሳቸው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ከመቆጣት በፊት ማሳየት ጀመርኩ።

ጥያቄ፦ ከተመረቅሁ አንድ ዓመቴ ነው። ፎርማኑ በዕድሜ አባቴን ያክላል፣ አይሰማኝም። አለቃዬ ደግሞ «ፈርም፣ እንቀጥል» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሳነብ ትንሽ ቆየሁ። ወንድሜ፣ እኔም አንድ ጊዜ ፈርሜያለሁ። በሦስተኛ ዓመቴ ነው፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ። ኮለኑና ቢሙ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ፌራዮዎቹ (ፌሮ አሳሪዎቹ) ስታፋውን ዘለውታል። ቦታው ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም፤ ስለዚህ ይዘለላል። እኔ ያየሁት ሚክሰሩ መዞር ከጀመረ በኋላ ነው። ፎርማኑ ሰማዩን አሳየኝና «ልጄ፣ ዝናቡ መጣ እኮ» አለኝ። ፈረምኩ። ተሞላ።

ሕንፃው ዛሬም ቆሟል፣ ሰው ይኖርበታል። ግን ያ ስታፋ ለተራ ቀን አይደለም የሚገባው፣ መሬት ሲነቃነቅ ኮለኑ እንዳይፈነዳ ነው። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ላይ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ ሌሊት አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ያሰብኩት የራሴን ቤት አልነበረም። እነዚያን ሰዎች ነበር። በበነጋታው ሄጄ ከመንገድ ማዶ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ስህተት የወሰድኩት ልማድ አለ። ፌሮ በሙሌት ቀን አላይም፣ በዋዜማው ነው የማየው። ያኔ ለማስተካከል ጊዜ አለ፣ የሚያዋክብህ ሚክሰርም ሰማይም የለም። ያየኸውን ሳይት ላይ ባለው መዝገብ በጽሑፍ አስፍር። አለቃህ «ቀጥል» ካለ እሱም ይጻፈው። ሲጻፍ ብዙ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል። ፎርማኑን ደግሞ በሰው ፊት አትገሥጸው። ሻይ ጋብዘውና «ጋሼ፣ ይህን እንዴት ነው የምትሠሩት?» ብለህ ጠይቀው። ከአንድ ፌራዮ የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ካስተማረኝ ብዙ አያንስም። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም በግድ ፈርም ካሉህ፣ ሥራውን ልቀቅ። እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ የቤት ኪራይ አለብህ። ፊርማው ግን የአንተ ነው።

ጥያቄ፦ ነገ ጠዋት ሶሌታ (የኮንክሪት ንጣፍ) ልንሞላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የማሠራው። ምን ልይ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ውጣና እይ። የታችኛው ፌሮ ሳንቃውን አይንካ፣ በየቦታው ስፔሰር ይኑር። ከቢሙ በላይ የሚያልፈውን የላይኛውን ፌሮ ሠራተኞች እየረገጡ እንዳያወርዱት የመራመጃ ጣውላ አዘጋጅ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የኤሌክትሪክና የፍሳሽ ቱቦዎች ሁሉ አስቀድመው ይግቡ፣ በኋላ እንዳይቆፈር። ድጋፎቹ ለስላሳ አፈር ላይ አይቁሙ። ቫይብሬተር ሁለት ይሁን፣ አንዱ ቢበላሽ። ለዝናብ ሸራ ያዝ። በማግስቱ ጀምረህ ውሃ አጠጣው፣ ቢያንስ 7 ቀን።

ሰፈሩን አልጻፍክልኝም። አዲስ አበባ ከሆነ ንገረኝ፣ ከሥራ መልስ አልፌ ፌሮውን አየዋለሁ።