ሕጉን ለጦጢት ተዉላት

በቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ተመድባችሁ ሥራ ለምትጀምሩ ወጣት የሙያ ልጆቼ፣

እኔ ስቀጠር መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ግድግዳ ላይ ወረቀት መለጠፍ ነበር። አትሩጡ፣ አትጩኹ፣ እየበላችሁ አታንብቡ፣ መጽሐፍ አትቅደዱ። ዐሥራ አንድ «አት» ደረደርኩ። ከሚመጡት ልጆች ግማሾቹ ገና ፊደል አልለዩም። ለማን እንደለጠፍኩት ዛሬም ይገርመኛል።

ልጆቹን ዝም ያሰኘልኝ ተረት ነው። «ተረት ተረት» ስትሏቸው «የላም በረት!» ብለው ጣሪያውን ያነሱታል። አትቆጡ። ድምፃችሁን ቀነስ አድርጋችሁ ድገሙት፤ እነሱም ይቀንሳሉ። ሦስተኛውን በሹክሹክታ በሉት። አርባ ልጅ በአንዴ ሲያንሾካሹክ መስማት ደስ ሲል! እኛ ጋ ስሙ «የላም በረት ድምፅ» ሆኖ ቀረ። ልጅ ሲንጫጫ ይህንኑ ማስታወስ ይበቃል።

ስለ ንጹሕ እጅም ጦጢት ታስተምርላችሁ። ጦጢት ዳቦ በማር በልታ፣ ሳትታጠብ መጽሐፍ ትከፍታለች። ገጾቹ ይጣበቁባታል። በመጽሐፉ ያለው ጅብ የት እንደገባ ሳታውቅ ትቀራለች። እዚህ ላይ እናንተ ዝም በሉ። «ትታጠብ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ይህን ጩኸት ፍቀዱላቸው። በማግስቱ በር ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው ታገኟቸዋላችሁ። አንዷማ የእኔንም እጅ አገላብጣ አይታ ነው የገባችው። በሩ አጠገብ አንድ ጀሪካን ውኃና ሳሙና ካላስቀመጣችሁ ግን ተረቱ ከንቱ ነው።

«ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» የምትለዋን ጥያቄ አልወዳትም። ልጁ ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለውና እናንተ የምትፈልጉትን መልስ ይሰጣችኋል።

መቅደድ ግን ከባድ ነው። በአማርኛ የልጆች መጽሐፍ እንደልብ አይገኝም። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ያስከፈተው ሐሳብ የመጣለት፣ ሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት ሲሠራ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ ባጣ ጊዜ ነው። እኔም በዚህ ስስት የተነሳ አንድ ጊዜ ገጽ ሲቀድ የያዝኩትን ልጅ በሰው ፊት ጮኽኩበት። ተመልሶ አልመጣም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላ ጊዜ የአንበሳ ተረት እያነበብኩላቸው ሳለ መጨረሻው ገጽ የለም። «ከዚያስ?» አሉኝ። «እንጃ፣ ገጹ የለም» አልኩና የተቀደደበትን አዙሬ አሳየኋቸው። ማንም ትንፍሽ አላለም። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ልጅ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ እልም አለ። ገልጬ ሳየው አንበሳው ነው። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም። በፕላስተር ለጠፍኩትና ቅዳሜ ከዚያው ገጽ ጀምሬ ጨረስኩላቸው። እሱም ከፊት ተቀምጦ ነበር።