ሁሉንም ደስታ «ሃፒ» ከማለት ለመውጣት

ሰላም እህቴ። «እንግሊዝኛ ስጽፍ ደስታዬ ሁሉ ሃፒ በምትል አንድ ቃል ያልቃል። ግላድ፣ ፕሊዝድ፣ ዲላይትድ፣ ትሪልድ የሚሉትን አውቃቸዋለሁ፤ የቱን የት እንደምጠቀም ግን ግራ ይገባኛል። እናንተ እንዴት ለያችኋቸው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እኔም ለዓመታት እዚያው ነበርኩ። የትርጉም ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው ቀስ በቀስ የለየሁላቸው።

ብዙዎቻችን ቃላቱን በመሰላል እንደረድራቸዋለን። ከታች ፕሊዝድ፣ መሀል ላይ ሃፒ፣ ጫፍ ላይ ኤክስታቲክ። እኔም ደብተሬ ላይ እንዲህ ያለ መሰላል ነበረኝ። ትንሽ ይረዳል። ግን «ደስታው ምን ያህል ነው?» ከማለትሽ በፊት «ከየት መጣ?» ብለሽ ብትጠይቂ በጣም ይቀልሻል።

ግላድን የተማርኩት ከአንድ መልእክት ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባችን እናቷ ከቀዶ ሕክምና በሰላም እንደወጡ ጻፈችልን። እኔ «አይ አም ቬሪ ሃፒ» ብዬ መለስኩ። ስህተት የለውም። ከእኔ ቀጥላ ግን ሌላዋ «አይ አም ሶ ግላድ» ብላ ጻፈች። ሁለቱን ደጋግሜ አነበብኳቸው። የእኔው ስለ ራሴ ስሜት ያወራል። የእሷ ውስጥ «እሰይ፣ እንኳን ደህና ሆኑ!» አለ። ግላድ ሁልጊዜ ከሆነ አንድ ነገር ጋር ይያያዛል። ሰው መጣ፣ ወሬ ተሰማ፣ የተፈራው ቀረ። ብዙ ጊዜም እፎይታ አለበት።

ከዚያ ወዲህ አንድ መላ አለኝ። በአማርኛ «እንኳን» ብዬ የምጀምረው ከሆነ መጀመሪያ የምሞክረው ግላድን ነው። እንኳን መጣህ፣ እንኳን ነገርሽኝ፣ እንኳን አልሄድኩ። ሁሉም በግላድ ቁጭ ይላሉ። የበዓሉ «እንኳን አደረሰሽ» ግን በሃፒ ነው የሚገባው፤ «እንኳን ደስ አለሽ» ደግሞ ኮንግራጁሌሽንስ ነው። እነዚህን ለብቻ ያዣቸው። ሌላው፣ ግላድ ከስም በፊት እምብዛም አይገባም። ደስተኛ ልጅ ለማለት ሃፒ ቻይልድ እንጂ ግላድ ቻይልድ አትበዪ።

ሃፒ ሰፊ ነው። ሥሩ «ሃፕ» የሚል ዕድል ማለት የሆነ ጥንታዊ ቃል ነው። ዛሬ የአፍታ ደስታንም፣ ሙሉ ሕይወትንም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1776 የወጣው የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ ሰው ሃፒነስን የመሻት መብት አለው ሲል የሰው ልጅ ሁሌ ይሳቅ ማለቱ አይደለም። መልካም ኑሮ መኖርን ነው። በሥራ ቦታ ደግሞ አንድ ሌላ ፊት አለው። አለቃሽ ስለ ሥራሽ «አይ አም ኖት ሃፒ ዊዝ ዚስ» ካለሽ አዝኛለሁ እያለ አይደለም። አልረካሁበትም፣ አስተካክዪው እያለሽ ነው።

ፕሊዝድ ለደብዳቤ ነው። ልከኛ፣ ትንሽ ኮስተር ያለ ነው።

ዲላይት እና ጆይ ላይ ግን ጊዜ ውሰጂ፤ እኔ በጣም የምወዳቸው እነሱን ነው። ዲላይት ዓይን ወይም ጆሮ ስር ያለ ነገር የሚያመጣው ደስታ ነው። የሳሙና አረፋ አፍንጫዋ ላይ ሲፈነዳባት የምትፍለቀለቅ ሕፃን አስቢ። አረፋው ሲያልቅ እሱም ያልቃል። ጆይ ጠለቅ ይላል፣ ከእንባ ጋርም አብሮ መኖር ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ስታምጥ ያደረች እናት ልጇን ደረቷ ላይ ሲያስቀምጡላት የምታለቅሰው ለቅሶ ጆይ ነው። እዚያ ላይ ሃፒ ብትዪ ቃሉ ያንስብሻል። የእኛ «ሐሴት» ለጆይ ይቀርባል፤ ልዩነቱ ሐሴት የመጽሐፍና የጸሎት ቃና አለው፣ ጆይ ግን በየቀኑ ንግግር ውስጥም ይገባል።

ትሪልድ ሲሉሽ «ነዘረኝ» የሚለውን አስታውሺ። በጥንቱ እንግሊዝኛ የቃሉ ትርጉም መብሳት ነበር፤ የአፍንጫ ቀዳዳን የሚጠሩበት ኖስትሪል የሚለው ቃል ግማሹ ከዚያው ሥር ነው። ደስታው ወግቶሽ የሚያልፍ ዓይነት ነው፤ ፈተና አለፍሽ፣ ሥራው ለአንቺ ሆነ። ኤክስታቲክ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ከራስ ወጥቶ መቆምን ይላል። እኛ «የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ» የምንለው ነው። ቀድሞውንም ጫፍ ላይ ስለሆነ «ቬሪ» አትጨምሪበት።

ኮንቴንት ደግሞ ጸጥ ያለው ነው። «ያለኝ ይበቃኛል» የሚል ሰው ስሜት። ድምፁን ሁለተኛው ክፍል ላይ አጥብቂው፤ መጀመሪያው ላይ ካጠበቅሽው ይዘት ማለት ይሆናል። ሁለቱም የመጡት መያዝ ከሚል የላቲን ቃል ነው።

አንዱን ግን በጥንቃቄ ያዢው፦ ግሊ። አንድ ባልደረባችን የተሻለ ቦታ አግኝቶ ሲለቅ የመሸኛ ካርድ እንድጽፍ ተሰጠኝ። መዝገበ ቃላት ውስጥ «ታላቅ ደስታ» የሚል አይቼ፣ መሄድህን በግሊ ሰማን ብዬ ጻፍኩ። ካርዱን ያየችው አርታኢ ቃሉን በእርሳስ አክብባ ጠራችኝና፣ ግሊ ብዙ ጊዜ በሰው መውደቅ ወይም መሄድ «እልል» የማለት ስሜት እንዳለው አስረዳችኝ። ካርዱ ሳይላክ በመያዙ ዛሬም አመሰግናታለሁ። አንድ ልጅ በግሊ ሳቀ ቢባል ችግር የለውም። ለአዋቂ፣ ያውም ለሚሰናበት ሰው ግን አይሆንም።

አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምርልሽ። በእኛ «ደስ ያለው ሰው» እና «ደስ የሚል ሰው» አይምታታም። በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም ሃፒ ስንል እንገኛለን። ደስ ያለው ዲላይትድ ነው፣ ደስ የሚለው ዲላይትፉል። ኤክሳይትድና ኤክሳይቲንግም እንደዚሁ ናቸው። «ኢንጆይ አደረግን» ማለት ስለለመድን ደግሞ «ዊ ኢንጆይድ» ብለን ዓረፍተ ነገሩን እንዘጋለን። ምኑን? ግብዣውን፣ ጨዋታውን፣ መጽሐፉን ጨምሪበት።

እኔን የረዳኝ ለእያንዳንዱ ቃል ከራሴ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። ትርጉሙን ሳይሆን ሁኔታውን። ከዚያ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ላይ ምሳሌዎቹን አያለሁ። እስቲ በዚህ ሳምንት ያጋጠመሽን አንድ ደስታ በአማርኛ እዚሁ ጻፊልንና ቃሉን አብረን እንምረጥለት።