«ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ ሕይወቴ ከሽፏል ማለት ነው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓረብ አገር 11 ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ስሄድ ሁለቱን እኅቶቼን አስተምራለሁ፣ ከዚያ ለእናቴና ለራሴ ቤት እሠራለሁ ብዬ ነበር። እኅቶቼ ተመርቀዋል። ለቤት ብዬ የላክሁትን ግን ታላቅ ወንድሜ በራሱ ስም ሠርቶበታል። ስጠይቀው «ያው የቤተሰብ ነው» ይለኛል። አሁን 36 ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም፣ አልወለድኩም፣ ሥራም የለኝም። አብረውኝ የሄዱት ሱቅ ከፍተዋል፣ ፎቶ ይለጥፋሉ። ጎረቤቱ «ባዶ እጇን መጣች» ይላል። አንዲት ሴት ደግሞ «ዓይነ ጥላ አለብሽ፤ 15 ሺህ ብር ከከፈልሽ የሚፈታልሽ ሰው አውቃለሁ» አለችኝ። እግዚአብሔር ፊቱን አዙሮብኝ ይሆን? እዚያ ሆኜ እንኳ ረቡዕና ዓርብን እጾም ነበር፤ የቤቱን አሮጊትም እስክትሞት ድረስ ገላዋን የማጥባት እኔ ነበርኩ። ቤት ከሠራሁ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬም ተስያለሁ። እሱስ እንዴት ይሁን?

መልስ፦ እኅቴ፣ የሚያስቸኩለውን ላስቀድም። ያንን 15 ሺህ ብር እንዳትከፍይ! የእግዚአብሔር ጸጋ አይሸጥም። ጠንቋዩ ሲሞን ለሐዋርያት ገንዘብ ይዞ በቀረበ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ «ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ» ነው ያለው፤ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ አለልሽ። ርኩስ መንፈስ ሰውን አይፈትንም አልልሽም፣ ይፈትናል። ለዚያ ደግሞ ንስሐ አለን፣ ጸሎት አለን፣ ጸበል አለን፤ ይህን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በነጻ ትሰጥሻለች። ወንድምሽ ገንዘብሽን በስሙ ስላደረገ ግን «ዓይነ ጥላ አለብሽ» መባሉ በጣም ያሳዝነኛል፤ የእሱን ጥፋት አንሥቶ አንቺ ላይ መጫን ነውና። ስንት እኅቶቻችን የቀረቻቸውን ጥሪት በዚህ መንገድ ለአስማተኛ አስረክበዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ዛሬ ማታ ዘፍጥረት 39ን ክፈቺና ረጋ ብለሽ አንብቢው። ዮሴፍ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ገዛ ወንድሞቹ ሸጡት። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ቋንቋው ቋንቋው ባልሆነ ሕዝብ መካከል አገልጋይ ሆነ። ደመወዝ የለው፣ ወደ አገሩ የሚመለስበት ቀን የለው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን «እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር ነበረ፣ ሥራውም ተከናወነለት» የሚለን እዚህ ላይ ነው፣ ገና ባሪያ እያለ። ቀጥሎ በሐሰት ተከሶ እስር ቤት ገባ። እዚያም ምዕራፉ ሲያልቅ ያንኑ ነገር ይደግመዋል፤ እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር ነበረ፣ የሚሠራውንም ሁሉ ያቀናለት ነበር ይላል። በፈርዖን ፊት የቆመው 30 ዓመት ሲሞላው ነው። ቀለበቱም ሰረገላውም የመጡት ምዕራፍ 41 ላይ ነው። የዮሴፍ ስኬት ሰረገላው ቢሆን ኖሮ ይህ ቃል ሁለት ምዕራፍ ቀድሞ ለምን ይጻፋል?

ብዙ ጊዜ ዮሴፍ ሲሰበክ ከጉድጓዱ ቶሎ ተወጥቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይገባል። ሰሚውም «የእኔስ ቤተ መንግሥት መቼ ነው?» እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መሐል ላይ ያሉት እነዚያ 13 ዓመታት ተዘለሉ ማለት ነው። እግዚአብሔር አብሮት የነበረው ግን ያኔም ነው።

አንቺ ደግሞ በግማሽ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ። አሮጊቷን እስክትሞት ድረስ የማጥባት እኔ ነበርኩ አልሽ። እስቲ እዚህ ላይ እንቁም። የሰው እናት ናት፣ የሰው አገር ሰው። ሰውነቷን ማገላበጥ፣ አንሶላ መቀየር፣ ሌሊት ስትጣራ ከእንቅልፍ መነሣት፣ ከዚያ ደግሞ ሲነጋ የቤቱን ሥራ እንደ ገና መጀመር፣ ያውም በጾም አንጀት። ይህን ጎረቤትሽ አላየም፣ ፎቶም አልተነሣም። ጌታችን ግን በፍርድ ቀን የሚጠይቀንን ማቴዎስ 25 ላይ አስቀድሞ ነግሮናል፤ ተርቤ ነበር፣ ተጠምቼ ነበር፣ ታርዤ ነበር፣ ታምሜ ነበር ይላል። በስንት ካሬ ላይ ሠራሽ የሚል ጥያቄ እዚያ ውስጥ የለም። ይህን የምልሽ አንጀትሽን ላርሰው ብዬ ብቻ አይደለም። እምነታችን ራሱ ይህ ነው፣ የምንዳኘውም በዚህ ነው። ሁለት ልጆች አስተምረሽ አስመርቀሻል፣ አንዲት አቅመ ደካማ በክብር ሸኝተሻል፣ ጾምሽን አልፈታሽም። በምን ሂሳብ ነው ባዶ እጅ የሚባለው?

ስለ ጓደኞችሽ ሱቅ፣ ደስ ይበልሽ። እነሱም ለፍተው ነው። እዚያው ማቴዎስ 25 ላይ አምስት መክሊት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው በጌታቸው ፊት ሲቀርቡ የተባሉት አንድ ነው፤ «በጥቂቱ ታምነሃል፥ በብዙ እሾምሃለሁ»። ሁለት ያመጣውን «እንደ ጓደኛህ ለምን አምስት አላደረስክም?» ያለው የለም። የተወቀሰው መክሊቱን የቀበረው ብቻ ነው።

ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 14 ቀን የምታከብረውን ገብረ ክርስቶስን አስቢው። የንጉሥ ልጅ ሆኖ በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ኖሮ ያረፈ ቅዱስ ነው። በሰፈርሽ ሰው ሚዛን ቢመዘን ምን ይባል ነበር? ሁላችንም እንደ እርሱ እንኑር እያልኩሽ አይደለም፤ ያ የተለየ ጸጋ ነው። ቤት መመኘትም ኃጢአት አይደለም። አብርሃም ሀብታም ነበር፣ ኢዮብም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ በሊጦን ጸሎት ስለ ሕሙማን፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ ዝናም፣ ስለ ምድር ፍሬ ትለምን የለ? እንጀራም ሥራም ከእግዚአብሔር ይለመናል። ችግሩ ቤቱ ሲዘገይ «እግዚአብሔር ጠልቶኛል» ማለት ሲመጣ ነው።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ዝም በዪ አልልሽም። ትሕትና ማለት ተዘርፎ መቀመጥ አይደለም። ማቴዎስ 18 ላይ መንገዱ ተቀምጦልናል። መጀመሪያ ለብቻው አናግሪው፣ ሳትጮሂ፣ እናታችሁ ፊትም ሳይሆን። የላክሽበትን ደረሰኝ ሁሉ ሰብስበሽ ያዢ። አልሰማም ካለ የንስሐ አባታችሁንና ሁለት ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ። ያም ካልሆነ ወደ ሕግ መሄድ ኃጢአት አይሆንብሽም፣ ቂም ግን ይዘሽ አትሂጂ። ዮሴፍም ወንድሞቹን ይቅር ብሏል፤ ሆኖም ማንነቱን ከመግለጡ በፊት ልባቸው እንደ ተለወጠ ፈትኖ አይቷል። ይቅርታ ማለት እውነቱን መሸፋፈን የሚመስላቸው አሉ፣ ተሳስተዋል።

ሥራ የለኝም ብለሻል፤ ሙያ ግን አለሽ። ዓረብኛ መናገር፣ ቤት ማስተዳደር፣ የታመመ ሰው መንከባከብ፣ ይህን ሁሉ 11 ዓመት ሠርተሽበታል። አዛውንት ወላጅ የሚጠብቅላቸው አጥተው የሚቸገሩ ቤተሰቦች አገራችን ውስጥም አሉ፤ ከዚያ ጀምሪ። ቀሪው በጊዜው ይመጣል። ስለ ትዳር በጽሑፍ ከምመልስልሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ብታወሩ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ያላገባና ያልወለደ ሕይወቱ ከሽፏል የሚል ትምህርት ቤተ ክርስቲያን የላትም። ቢኖራት መነኮሳቱንና ደናግሉን የት ታደርጋቸው ነበር?

የቀረው ስለቱ ነው። መክብብ 5 ላይ የተሳልከውን ለመክፈል አትዘግይ ይላል፤ ስለት ቀልድ አይደለም። አንቺ ግን የተሳልሽው «ቤት ከሠራሁ» ብለሽ ነው። የአንቺ ቤት ገና አልተሠራም፣ ስለዚህ አሁን የሚያስጨንቅ ዕዳ የለብሽም፤ ተበድረሽ ጃንጥላ እንዳትገዢ። ይህንንም ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና የሚሉሽን ስሚ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ መሄድ ካማረሽና መሳፈሪያ ካለሽ ሂጂ፣ አመስግነሽ ትመለሻለሽ። ከሌለሽም በ19 በአጥቢያሽ ቅዳሴ አስቀድሺ፣ ቅዱስ ገብርኤል እዚያም ይሰማሻል።