ፉል ኤችዲ ወይስ 4ኬ? ሁለት ላፕቶፕ ከፈጀ በኋላ የገባኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። 14 ኢንች ላፕቶፕ ልትገዢ ነው። ሥራሽ ጽሑፍና ኤክሴል ነው፣ አልፎ አልፎም ፎቶ ታስተካክያለሽ። ፉል ኤችዲ ይበቃኛል ወይስ ጨምሬ 4ኬ ልውሰድ ነው ያልሽው። አጭሩ መልስ፦ ፉል ኤችዲ ይበቃሻል። የምትጨምሪው ገንዘብ ካለሽ ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ብዛት ላይ ሳይሆን ፓነሉ (የስክሪኑ ዓይነትና ጥራት) ላይ ጨምሪው። እኔ ይሄ እስኪገባኝ ሁለት ላፕቶፕ ፈጅቶብኛል።

የመጀመሪያው 15.6 ኢንች ነበር። ወረቀቱ ላይ "ኤችዲ" ይላል። እኔም ኤችዲ ከሆነ ጥሩ ነው ብዬ ወሰድኩት። ለካ ላፕቶፕ ላይ "ኤችዲ" ብቻውን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ 1366 በ768 ማለት ነው። ቁም ነገሩ ያለው "ፉል" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። 1366 በ768 ስታባዢው ወደ 1 ሚሊዮን ፒክስል ይመጣል። ፉል ኤችዲ፣ ማለትም 1920 በ1080፣ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን ትንሽ ያልፋል። እጥፍ ማለት ነው።

ጉዱን የነገረኝ ፊልም አይደለም፣ የራሳችን ፊደል ነው። ሊ እና ሌን ተመልከቻቸው። ሊ እግሯ ላይ ትንሽ ሰረዝ አላት፣ ሌ ደግሞ ትንሽ ቀለበት። ፊደሉ ትልቅ ሲሆን ምንም ችግር የለም። ገጹን በሙሉ ባንዴ ለማየት ጽሑፉን ሳሳንሰው ግን ቀለበቷ ትደፈናለች። ሁለቱም እግራቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ይመስላሉ። ኪ እና ኬ፣ ቲ እና ቴም እንደዚያው። አንድ ጊዜ "ሊመጣ" ማለት ሲገባኝ "ሌመጣ" ብዬ የላክሁት ደብዳቤ አለ። ሦስቴ አንብቤው አላየሁትም! ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም ስክሪኑም አግዞኛል። ስለዚህ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው 1366 በ768 በነፃ ቢሰጡትም አያዋጣም ባይ ነኝ።

ከዚያ ተናድጄ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ። 13.3 ኢንች፣ 4ኬ፣ ማለትም 3840 በ2160። ስከፍተው ፊደሉ እንደ ታተመ መጽሐፍ ጥርት ያለ ነው። አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። በዚያ ትንሽ ስክሪን ላይ 4ኬ እንዳለ ቢተው ጽሑፉ የጉንዳን ዱካ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ዊንዶውስ ሁሉን ነገር 250 ፐርሰንት አሳድጎ ያሳየኛል። 3840ን ለ2.5 አካፍይው፣ 1536 ይመጣል። ፉል ኤችዲ ስክሪን 125 ፐርሰንት ላይ ሲደረግ የሚሰጠው የሥራ ቦታም ያው 1536 ነው! ከፉል ኤችዲው ጋር ሲነጻጸር ጥራቱ ጨመረ እንጂ በአንድ ጊዜ የማየው የኤክሴል ረድፍ አንድም አልጨመረም። የቆዩ ፕሮግራሞች ደግሞ ወይ ይደበዝዛሉ ወይ ቁልፎቻቸው ኢምንት ሆነው ይወጣሉ። ባትሪውም ቶሎ ይደክማል፣ ምክንያቱም 4ኬ የፉል ኤችዲን አራት እጥፍ ፒክስል ያንቀሳቅሳል።

ለዓይን ያለውን ልዩነትም አስቢው። 14 ኢንች ፉል ኤችዲ ላይ የአንዷ ፒክስል ስፋት 0.16 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጤነኛ ዓይን ከ60 ሴንቲሜትር ርቀት ነጣጥሎ የሚያየው ትንሹ ነገርም ወደ 0.17 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ በታች ልዩነት የለም አልልሽም፣ ግን እየጠበበ ይሄዳል። ለሥራ ቦታ ከሆነ ቁመቱ ከፍ ያለው 16 በ10 ስክሪን ይሻልሻል፣ 1920 በ1200 የሚባለውን። ከፉል ኤችዲ በቁመት 120 ፒክስል ይበልጣል። ስኬሊንጉ (ዊንዶውስ የሚያሳድግበት መጠን) 100 ፐርሰንት ሲሆን ኤክሴል ላይ 6 ረድፍ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ቀኑን ሙሉ ስትሠሪበት ግን ታመሰግኚዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ፓነሉ። ያ 4ኬ ላፕቶፔ የሚያብረቀርቅ ስክሪን ነበረው፣ ብርሃኑ ደግሞ ደካማ። መስኮት አጠገብ ስቀመጥ ከጽሑፌ ይልቅ የራሴን ፊት ነበር የማየው። ብርሃን የሚለካው በኒት ነው። 250 ኒት ለጨለም ያለ ክፍል ካልሆነ ያስቸግራል። ቤት ውስጥ ለመሥራት 300 ይበቃል። መስኮት አጠገብ የምትውይ ከሆነ 400 እና ከዚያ በላይ ፈልጊ። የማያብረቀርቀውን፣ ማት የሚሉትን ስክሪን ብትወስጂ ደግሞ ነጸብራቁ ይቀንስልሻል።

ቲኤን የሚባል ፓነል ካጋጠመሽ እለፊው። ክዳኑን ትንሽ ወደ ኋላ ስታጋድይው ቀለሙ ይገለበጣል፣ ጥቁሩ ይነጣል። አይፒኤስ ከጎንም ከላይም ብታይው ብዙም አይለወጥም፣ ለአንቺ ሥራ ምርጫዬ እሱ ነው። ኦሌድ በጣም ያምራል። እያንዳንዷ ፒክስል ራሷ ስለምታበራ ጥቁር ሲሆን በቃ ጠፍታለች ማለት ነው። ግን ያው የኤክሴል መስመር ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ሲቆምበት ከጊዜ ብዛት ጥላው ተቀርጾ ሊቀር ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ብርሃኑ ሲቀነስ ይርገበገባል፣ ራስ ምታት የሚያመጣባቸው ሰዎች አሉ። ፊልም ለሚያይና ፎቶ ለሚሠራ ሰው ይሁን።

አንቺም ፎቶ ስለምትነኪ ቀለሙን ዝም ብለሽ አትለፊው። ስክሪኑ ምን ያህል ቀለም ማሳየት እንደሚችል የሚነግሩሽ ኤንቲኤስሲ እና ኤስአርጂቢ በሚባሉ መለኪያዎች ነው፣ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዱ ሻጭ "45 ፐርሰንት ኤንቲኤስሲ" ይላል፣ ሌላው "72 ፐርሰንት ኤንቲኤስሲ"፣ ሦስተኛው "100 ፐርሰንት ኤስአርጂቢ"። ሁለተኛውና ሦስተኛው በግምት አንድ ናቸው! መለኪያው ነው የተለያየው። 45 የሚለው ላይ ቀይ ልብስ ወደ ብርቱካናማ ይሄድብሻል። አንቺ ስክሪኑን አምነሽ ቀዩን ትጨምሪያለሽ፣ ከዚያ ፎቶውን ስልክሽ ላይ ስታይው ደም መስሎ ቁጭ ይላል። ደርሶብኛል።

120 ኸርዝ (ስክሪኑ ምስሉን በሴኮንድ 120 ጊዜ ያድሳል ማለት ነው) ስለሚባለው አትጨነቂ፣ ለጽሑፍ 60 ይበቃል።

ደግሞ አንድ ስም ያለው ላፕቶፕ በሁለት በሦስት ዓይነት ስክሪን ይወጣል። ኢንተርኔት ላይ የተመሰገነው አንዱ ነው፣ እጅሽ የሚገባው ሌላው። ስለዚህ የሞዴሉን ስም ብቻ ሳይሆን ሙሉ ኮዱን አስነብቢ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የሻጩን ቃል ተዪውና ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግቢ። ሪዞሉሽኑም (የፒክስሉ ብዛት) ኸርዙም እዚያ ተጽፏል።

ዕቃውን እጅሽ ላይ ስታገኚው ቻርጀሩን ንቀይ፣ አንዳንዱ በባትሪ ሲሆን ብርሃኑን በራሱ ይቀንሳልና። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ጨምሪና ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቺ። ጥግ ጥጉ ቢጫ ከሆነ ወይም ከጠቆረ ተይው። ከዚያ ጥቁር ገጽ ክፈቺና የማትጠፋ ነጥብ ካለች ፈልጊ። ክዳኑን አጋድለሽ ከላይም ከታችም እይው። በመጨረሻ "ሊሌ ኪኬ ቲቴ" ብለሽ በትንሽ ፊደል ጻፊና እንደ ልማድሽ ርቀሽ ተቀመጪ። ሳታጎነብሺ ከለየሻቸው ሪዞሉሽኑ በቂሽ ነው።

ያየሻቸውን ሞዴሎች ሙሉ ኮድ እዚህ ጣይልን፣ የትኛው ፓነል እንዳላቸው አብረን እናያለን።