በ40 ሺህ ብር ክሊፕ፦ ካሜራ ከመከራየትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽ «4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ የሆነ ነጠላ ዜማ አለኝ፣ እስክስታ አለበት፤ በ40 ሺህ ብር ካሜራ ልከራይ ወይስ በስልክ ልሥራው?» የሚል ነው። በስልክ ሥሪው። የአሁኑ ደህና ስልክ በቀን ብርሃን የሚያወጣው ምስል ለዩቲዩብ ይበቃል። ክሊፕን ርካሽ የሚያስመስለው ከዘፈኑ ጋር የማይገጥም ከንፈርና የእኩለ ቀን ፀሐይ ነው። ገንዘቡን ለተወዛዋዦች ልምምድና ክፍያ፣ ለልብስ፣ ለትራንስፖርትና ለምግብ መድቢው። ከ40 ሺህው ግን 5 ሺህ ብር አትንኪ፤ ቀረጻ ያልታሰበ ወጪ ሳያመጣ አይውልም።

ሚክሱና ማስተሩ (የዘፈኑ ድምፆች ተመጣጥነው የሚወጣው የመጨረሻ ቅጂ) ሳያልቅ አትቅረጪ። አቀናባሪው በኋላ ፍጥነቱን በትንሹ ቢነካው የቀረጽሽው ሁሉ ይፋለሳል። ካለቀ በኋላ ለቀረጻ ብቻ የሚሆን ፋይል አሠሪ፤ ከመግቢያው በፊት በምቱ ልክ አራት ጊዜ «ቲክ» ይበል። ሁላችሁም እኩል ትገባላችሁ፣ ኤዲተሩም ምስሉን ከማስተሩ ጋር በዚያ ያገናኘዋል። ስለዚህ የስልኩ ማይክ ሁልጊዜ ይቅዳ።

ብዙ ሰው የማያስበው በቀረጻ ጊዜ ዘፈኑን የሚያሰማችሁን ስፒከር ቦታ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስትቀርጪ 14 ሜትር ርቀት ማለት የአንድ ፍሬም መዘግየት ነው። ስፒከሩ ካሜራው ሥር ሆኖ አንቺ 30 ሜትር ርቀሽ ብትዘፍኚ ከንፈርሽ ሁለት ፍሬም ይዘገያል፤ አንቺ አጠገብ ሆኖ ካሜራው ቢርቅ ደግሞ በተቃራኒው ይቀድማል። ከአንቺም ከካሜራውም እኩል ይራቅ። ስትቀረጪም ከንፈር ብቻ አታንቀሳቅሺ፣ ድምፅ አውጥተሽ ዝፈኚ። አንገትና ደረት የማይሠራበት ዘፈን ወዲያው ያስታውቃል።

ስልኩን በፕሮ ሞድ (ቅንብሩን በእጅሽ በምታስተካክይበት የካሜራ ክፍል) ወይም፣ ስልክሽ ከተቀበለው፣ ብላክማጂክ ካሜራ በሚባለው ነፃ አፕ ክፈቺው። 25 ፍሬም አድርጊው። ቤት ውስጥ ሹተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን፤ የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ1/60 ከቀረጽሽ አንዳንድ አምፖል በምስሉ ላይ የሚንሸራተት ጥቁር መስመር ያመጣል። ደጅ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ብርሃኑ ሲበዛ ስልኩ ሹተሩን ያፈጥንና ትከሻው የሚቆራረጥ ይመስላል። ሌንሱ ላይ የሚቆነጠጥ ኤንዲ ፊልተር፣ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፣ ይህን ያስተካክላል፤ ከዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የምገዛው እሱን ነው። ፎከስ፣ ብርሃንና ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) ከእያንዳንዱ ሾት በፊት ይቆለፉ። ኤርፕሌን ሞድ አትርሺ፣ አዝማቹ መሃል ስልክ ቢደወል ቀረጻው ይቋረጣል።

አሁን ወደ ብርሃኑ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣና ዓይንሽ ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ጠዋት ከ12:30 እስከ 2:30፣ ማታ ከ10:00 እስከ 12:00 ቅረጪ፤ መሃሉን ለቤት ውስጥ ሾትና ለምሳ ተዪው። ሐምሌና ነሐሴን ዝለያቸው።

ነጭ ቀሚስ ከለበሳችሁ ስልኩ ፊታችሁን ለማብራት ሲል ልብሱን ያቃጥለዋል፤ የጥለቱ ቀለምና የሸማው ክር ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ በኤዲቲንግም አይመለስም። ብርሃኑን በልብሱ ለኪ፦ ጥለቱ በግልጽ እስኪታይ ቀንሺ፣ ከዚያ ፊትን ለብቻው አብሪ። ለዚህ የተወጠረ ነጭ ጋቢ ይበቃል። ሁለት ሰው ከካሜራው ሥር ይዘው ፀሐይዋን ወደ ፊትሽ ይመልሱት። ፀሐይዋ ከበረታች ስስ ነጠላ ከላይ ወጥሩ፣ ብርሃኑ ይለሰልሳል።

እስክስታን ፊት ለፊት መቅረጽ ያጠፋዋል። ትከሻ ወደፊትና ወደኋላ ሲመላለስ ከፊት አይታይም፤ ካሜራው ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብሎ ከወገብ በላይ ይያዘው። ሙሉ ቁመት አንድ ሁለቴ ብቻ፣ እግርና ሜዳው እንዲታይ። ኤዲተሩም ምቱ ሳይሞላ እንዳይቆርጠው ንገሪው። እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፣ ብዙ ጥሩ ተወዛዋዥ በኤዲቲንግ ሲበላሽ ይታያልና።

አንድ ሾት በአማካይ 3 ሰከንድ ከቆየ ዘፈንሽ 83 ገደማ ሾት ይፈልጋል። በየቦታው ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ቅረጪ፦ ከሩቅ፣ ከወገብ፣ ፊት ብቻ። ሦስት ሎኬሽን 40 ደቂቃ ያህል ምስል ይሰጥሻል። ከዚያ በላይ ሎኬሽን አታብዢ፤ መንገዱ የፀሐይዋን ሰዓት ይበላዋል። ፓርክና ሆቴል ለቀረጻ ለብቻ ሊያስከፍሉ ስለሚችሉ አስቀድመሽ ጠይቂ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳ።

ለስለስ ያለ እንቅስቃሴ ካማረሽ ዘፈኑን በ120 በመቶ ፍጥነት እያጫወትሽ በ30 ፍሬም ቅረጪ። ኤዲቲንግ ላይ ወደ 25 ሲወርድ ከንፈርሽ ከዘፈኑ ጋር ይገጥማል፣ ልብሱና ፀጉሩ ግን ክብደት ያገኛል። በ50 ፍሬም ለመቅረጽ ዘፈኑን በእጥፍ ማፍጠን ያስፈልጋል፤ ለጭፈራ ዘፈን ቃሉ አፍ ውስጥ አይገባም።

ኤዲቲንጉን ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነፃ ስሪት መጨረስ ይቻላል። በ1080 ጥራት ብትቀርጪም ስታወጪው ወደ 4ኬ (ከፍ ወዳለው የምስል መጠን) አሳድጊው፤ ዩቲዩብ ለ4ኬ የተሻለ ጥራት ይመድባል።

ከመልቀቅሽ በፊት የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ፤ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ ከዘፋኙ የተለየ የእነሱ ነው። ቅንብሩ ከኢንተርኔት የወረደ ቢት ካለበት ዩቲዩብ ይይዘውና ገቢው ለሌላ ሰው ሊሄድ ይችላል። አቀናባሪሽን ዛሬውኑ ጠይቂው።