የግቢዎ ጥድ ሲቀላ መጀመሪያ አፈሩን ይዩ

ከሱሉልታ አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል፦ «ግቢያችን ውስጥ ቅጠላቸው ረጅም መርፌ የሆኑ ሁለት ትልልቅ ጥዶች አሉ። አምና ግቢውን በገረጋንቲና በቀይ አፈር ከፍ አስደርገን ኮብልስቶን አስነጠፍን። አሁን በሩ አጠገብ ያለው ጥድ እየቀላ ነው። ግንዱ ላይ ሙጫ ይታያል፣ ሥሩ አካባቢ እንጉዳይ በቅሏል። ጎረቤቴ በየቀኑ ውሃ አጠጪው ትለኛለች። ሠራተኛው ደግሞ ጫፉን ልቁረጠው ይላል። የማንን ልስማ?»

እህቴ፣ ለጊዜው የሁለቱንም አይስሙ። ከጻፉልኝ ሁሉ ያስደነገጠኝ ሙጫውም እንጉዳዩም አይደለም፤ ገረጋንቲው ነው።

በመጀመሪያ ግን ዛፉን እንለይ። አንድ እፍኝ ቅጠል ነቅለው ይዩት። መርፌዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ከአንድ ቦታ ከወጡና ወደ ታች ከተንጠለጠሉ፣ ችግኝ ጣቢያ ፓቱላ የሚሉት ከሜክሲኮ የመጣው ጥድ ነው። አጥር ላይ የሚተከለው የፈረንጅ ጥድ ሌላ ዛፍ ነው። የእሱ ቅጠል መርፌ አይደለም፣ ሲደርቅም ብዙ ጊዜ ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ትንሽ ነፍሳት አለበት። የእሱን መድኃኒት ለፓቱላ አያምጡ።

ቀጥሎ የቀላው የቱ ጋ እንደሆነ ይመልከቱ። የጥድ መርፌ ዕድሜው ሁለት ሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ቀልቶ ይረግፋል። ስለዚህ ከውስጥ፣ ወደ ግንዱ በኩል ያለው ብቻ ቀልቶ የቅርንጫፎቹ ጫፍ አረንጓዴ ከሆነ ምንም አይደል። ጫፎቹም ከቀሉ፣ አዲሱ ቅጠልም ካጠረ፣ ሥሩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ምግብና ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ያሉት ላይኛው የአፈር ክፍል ውስጥ ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። ላዩ ላይ ገረጋንቲ ተደልድሎ፣ ተጠቅጥቆ፣ ድንጋይ ሲነጠፍበት ይታፈናል። ዛፉ ወዲያው አይናገርም። ብዙ ጊዜ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚቀላው። የእርስዎም ጊዜው ይገጥማል።

አሁን ግንዱ መሬት የሚነካበትን ቦታ ይዩ። ጤነኛ ዛፍ ሥሩ ላይ ሰፋ ይላል። እንደ መብራት ምሰሶ ቀጥ ብሎ መሬት ውስጥ ከገባ አንገቱ ተቀብሯል። ድንጋዩን ቢያንስ ከግንዱ አንድ ሜትር ተኩል ዙሪያውን ያስነሱ፤ ቅርንጫፉ እስከሚደርስበት ድረስ ቢነሳ ደግሞ እሰየው። ከዚያ የተጨመረውን አፈር የድሮው መሬት እስኪገኝ ያስወግዱ። ግንዱ አጠገብ ሲደርሱ ዶማ ይቅር፤ በእጅና በትንሽ መኮትኮቻ ይሁን። ሠራተኛውን አጠገቡ ቆመው ያሠሩት። አንድ ወፍራም ሥር በችኮላ ከተቆረጠ ዛፉ በዚያ በኩል መያዣ ያጣል፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ሰው ያልፋል።

ሌላው የሱሉልታ ጣጣ ጥቁር አፈሩ ነው። ክረምት ውሃ ይዞ ይተኛል፤ ጥድ ደግሞ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም አይወድም። አፈሩን ሲያነሱ ዙሪያው ጉድጓድ ስለሚሆን ከሰኔ በፊት ውሃውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቦይ ያስቀድዱ። ይህን ካልሠሩ ከመታፈን አውጥተው ማጥለቅ ነው የሚሆነው።

በየቀኑ ውሃ ማጠጣት የማልደግፈውም ለዚህ ነው። ቆፍረው ሲያዩ መሬቱ በእርግጥ ከደረቀ፣ በበጋ በሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አንዴ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ፣ ወደ ታች እስኪሰርግ ይጠጣ። ዩሪያም ሆነ ዳፕ አይጨምሩ፤ የታፈነ ሥርን ማዳበሪያ አያድነውም።

ጫፉን መቁረጥ ደግሞ በፍጹም! ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፤ ጥድ እንደዚያ አይደለም። ቅጠል የሌለው እንጨት ላይ ከተቆረጠ ከዚያ ቦታ አዲስ ቅርንጫፍ አይወጣም። የሞቱ ቅርንጫፎችን ብቻ በበጋ ያስነሱ። ቅርንጫፉ ግንዱን የሚይዝበት ያበጠ አንገት አለ፤ እሱን ሳይነኩ ከውጭ ይቆረጥ። ከባድ ከሆነ መጀመሪያ ከታች በኩል በመጋዝ ትንሽ ይቆረጥ፣ አለዚያ ሲወድቅ ልጡን ይዞ ይገነጥላል። ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ አጠገብ ከሆነ ለመብራት ኃይል ሳያመለክቱ ማንንም አያስወጡ።

ስለ እንጉዳዩ፦ መሬት ላይ የበቀለው ብዙ ጊዜ የጥዱ ወዳጅ ነው። ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ውሃና ማዕድን ያቀብለዋል፣ ከዛፉ ስኳር ይወስዳል። ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች ከትልልቅ ጥዶች ሥር አፈር አምጥተው የሚቀላቅሉት እሱን ፈልገው ነው። ስለዚህ መርዝ አይርጩበት። አይብሉትም። ግንዱ ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል፣ ባለሙያ ይየው። ሙጫው ጥዱ ቁስሉን የሚዘጋበት ነው፤ አይፋቁት። አጠገቡ ቀዳዳና የእንጨት ብናኝ ካዩ ግን ግንድ የሚበሳ ነፍሳት ገብቷል።

የረገፈውን መርፌ ሁሉ ጠርገው አይጣሉ። የድሮው መሬት ላይ ስስ አድርገው ይተዉት፣ ግንዱን ግን አያስነኩት። በበጋ እሳት ቶሎ ስለሚይዝ እዚያ አካባቢ ቆሻሻ አይቃጠል።

የቀላው ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም። የሚጠብቁት አዲስ ቡቃያ ነው፤ ለዚህም አንድ ክረምት ይስጡት። ቡቃያ ካልመጣና ቅላቱ እስከ ላይኛው ጫፍ ከደረሰ ዛፉ ሞቷል፤ ቀበሌ ጠይቀው ያስቆርጡት። ክረምቱን ሳይጠብቁ መወሰን ያለብዎ ዛፉ ካዘነበለና በአንዱ በኩል ሥሩ ያለበት መሬት ተሰንጥቆ ከተነሳ ነው። ያኔ መኪናዎን ከሥሩ ያንሱ፣ ልጆቹንም ያርቁ፣ በዚያው ቀን ሰው ይጥሩ። ሁለተኛውን ጥድ ደግሞ ገና አረንጓዴ ሳለ ከዛሬ ጀምሮ አንገቱን ይክፈቱለት።